ባትሪው ወደ ኋላ ሲሄድ፦ የመኪና ባትሪን ወደ ዕቃ መጫኛ ስለ ማዛወር በሐዋሳ የቀረበ ዲስኩር



የመኪናን ባትሪ ከሞተሩ ክፍል አንሥቶ ወደ ኋላ ኮፈን፣ ማለትም ወደ ዕቃ መጫኛው፣ ማዛወር ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ሥራ ነው። አንድ ከባድ ሣጥን ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ሁለት ገመዶች ይረዝማሉ፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሣል፤ ባለቤቱም ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። የዚህ ዲስኩር መከራከሪያ ግን የሚዛወረው ሣጥኑ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ባትሪው ሞተሪኖ ከሚባለው፣ ሞተሩን ከቆመበት ከሚያስነሣው መሣሪያ በራቀ መጠን፣ ከፍተኛ ኃይል ተሸክሞ በተሳፋሪዎች እግር ሥር የሚያልፍ ረጅም ገመድ ይፈጠራል፤ ከፊት ሳለ በነፋስ ይበተን የነበረው የባትሪ ጋዝም በተዘጋ ክፍል ውስጥ መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ ሥራው በደኅና ተሠርቷል ሊባል የሚችለው መኪናው ስለ ተነሣ ሳይሆን፣ ገመዱ በተላጠበት ወይም ባትሪው ከመጠን በላይ በተሞላበት ቀን በመኪናውና በተሳፋሪው ላይ ምንም ሳይደርስ ሲቀር ነው።

በሐዋሳ ጎዳናዎች የሚመላለሱት የነዳጅ መኪኖች የሚጠቀሙበት ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዝርያ ነው። በውስጡ ሴል የሚባሉ ስድስት ክፍሎች ተከታትለው የተያያዙ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴል በደንብ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ድምሩ 12.6 ቮልት ይሆናል። ይህ መጠን ሰውን እንደ ቤት ኮረንቲ አይነዝርም፤ በደረቅ እጅ ሁለቱ ራሶች ቢነኩ እንኳ አይሰማም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የባትሪ አደጋ ያለው በቮልቱ ሳይሆን በአምፔሩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ሊለቀው በሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ብዛት ላይ ነው። የአንድ ደኅና ባትሪ ሁለት ራሶች በብረት ቢገናኙ፣ በተለምዶ ኮንታክት የሚባለው ነገር ማለት ነው፣ ፍሰቱ ከ1 ሺህ አምፔር ሊበልጥ ይችላል። ይህም በባትሪው፣ በገመዱና በተነካካው ብረት ላይ በድምሩ ከ12 ሺህ ዋት የማያንስ ሙቀት ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው፣ የሦስት ምጣድ ግለት በባትሪው፣ በገመዱና በብረቱ ላይ ሲያርፍ የመቀመጫ ምንጣፍ ምን እንደሚሆን ለመገመት አያዳግተውም።

ባትሪን ከሞተር ክፍል ውጭ ማስቀመጥ ለኢትዮጵያ አሽከርካሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲሽከረከር የኖረው፣ ሕዝቡ ቮልስ የሚለው ቮልስዋገን ቢትል፣ ባትሪውን የሚይዘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የቮልስ ሞተርም ከኋላ ስለሆነ ገመዱ አጭር ነው፤ የርዝመት ችግር የለበትም። ችግሩ የመጣው ባልተጠበቀ አቅጣጫ ነበር፤ የባትሪው መከላከያ ክዳን ሲጠፋ፣ ክብደት ያለው ሰው በተቀመጠ ጊዜ የመቀመጫው ብረት ሞላ ወደ ታች ወርዶ የባትሪውን ራሶች ያገናኝና የመቀመጫው ሙሊት እሳት ይይዛል። የቮልስ ወዳጆች በዓለም ዙሪያ የሚያውቁት ይህ አደጋ፣ ፋብሪካ ራሱ መርጦ ያስቀመጠው ቦታ እንኳ አንዲት ክዳን ስትጎድለው ምን ያህል አስጊ እንደሚሆን ያሳያል፤ በጋራዥ ለሚሠራ ቅየራ ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌሎች ፋብሪካዎችም ባትሪውን ወደ ኋላ ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የእንግሊዙ ሚኒ ሞተሩን ከፊት፣ ባትሪውን ከኋላ ዕቃ መጫኛ ወለል ውስጥ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የተዋወቀው የጃፓኑ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ባትሪውን ከኋላ ሲያስቀምጥ ጋዙን ከመኪናው ውጭ የሚያወጣ ቱቦ አበጅቶለታል። በበርካታ የቶዮታ ፕሪየስ ሞዴሎችም ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንዲሁ ከኋላ ከቱቦዋ ጋር ትገኛለች። ቢኤምደብሊው ደግሞ ባትሪውን ከኋላ ባደረገባቸው በርካታ ሞዴሎቹ የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ተቀጣጣይ ካፕሱል አኑሯል፤ ከባድ ግጭት ሲደርስ ያቺ ካፕሱል ፈንድታ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን ገመድ ከባትሪው ትለያለች። እንግዲህ ፋብሪካዎቹ ባትሪውን ወደ ኋላ ሲወስዱ ቱቦውንና መለያውን አብረው እንደወሰዱ ማየት ይገባል። በመንደር ጋራዥ የሚሠራው ቅየራ ብዙ ጊዜ የሚወርሰው ቦታውን ብቻ ነው።

ይህን ሥራ የሚያስመኙት ምክንያቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። በውጭ አገር ቀድሞ የሚነሣው የክብደት ሚዛን ነው፤ ከፊት ጎማ ላይ 15 ኪሎ ግራም ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ለእሽቅድድም መኪና ጥቅም ይኖረዋል። ከመናኸሪያ እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ለሚመላለስ ቶዮታ ቪትዝ ግን ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል የሚለው የባለሙያዎች ስሌት እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ለዚህ በባትሪውና በሞተሩ መካከል የሙቀት መከላከያ ማቆም በጥቂት ብር የሚያልቅ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ገመድ በመላው መኪና መዘርጋት ትንኝን በመዶሻ እንደ መምታት ይቆጠራል። ሦስተኛው የሞተር ቅየራ ነው፤ ሰፋ ያለ ሞተር በጠባብ ክፍል ሲገባ ለባትሪው ቦታ ይጠፋል፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። አራተኛውና በከተማ ውስጥ ዓይን የሚገባው ሞንታርቦ ነው፤ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ማስታወቂያ የሚያሰማ ወይም በበዓል ሰሞን ሙዚቃ የሚያደምቅ መኪና፣ ሞተሩ ጠፍቶም ለረጅም ሰዓት ኃይል ስለሚፈልግ ባትሪው ከድምፅ ማጉያው አጠገብ እንዲሆንለት ይመኛል።

ለሞንታርቦው መኪና የተሻለው መፍትሔ ዋናውን ባትሪ ከቦታው ሳይነቀንቁ ለድምፁ ብቻ ሁለተኛ ባትሪ ከኋላ መጨመር ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ኃይል የሚያገኝ በመሆኑ ፊውዝ በአንዱ ጫፍ ብቻ ማድረግ ግማሽ ጥበቃ ነው፤ ገመዱ መካከል ላይ ቢላጥ ፊውዝ የሌለው ወገን መንደዱን ይቀጥላል። በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ አንድ አንድ ፊውዝ፣ በመካከላቸውም ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን የሚለያይ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ ሊኖር ግድ ነው። ይህ ሲደረግ ሙዚቃው የኋላውን ባትሪ ቢጨርስ እንኳ መኪናው በፊተኛው ይነሣል፤ ባለቤቱም መንገደኛ ጠርቶ ከማስገፋት ይድናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ገመዱ፣ መግባት ተገቢ ነው። ፋብሪካው ባትሪውን ከሞተሩ አጠገብ ሲያስቀምጥ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ገመድ አንድ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ወደ ኋላ ሲዛወር ግን እንደ መኪናው 4 ወይም 5 ሜትር ይሆናል። ገመድ በረዘመ ቁጥር ለኮረንቲው እንቅፋት ስለሚበዛ ውፍረቱም አብሮ ማደግ አለበት። አነስተኛ የቤንዚን ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት 150 አምፔር ይወስዳል ቢባል፣ 5 ሜትር ርዝመትና 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ 0.8 ቮልት ገደማ በመንገድ ያስቀራል፤ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚባክነው ከ0.4 ቮልት በታች ይወርዳል፤ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ ሩብ ቮልት ይጠጋል። የናፍጣ ሞተር ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ሂሳቡ እንደገና ይሠራለታል። ሲነሣ የሚያቃስት መኪና ይዞ የመጣ ባለቤት ጥፋቱን በባትሪው ወይም በሞተሪኖው ላይ ቢያላክክም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቀጠነ ገመድ ነው።

የገመዱ ውፍረት ብቻ ሳይሆን የተሠራበትም ነገር መታየት አለበት። ለድምፅ መሣሪያ ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ገመዶች ብዙዎቹ ከላይ መዳብ የተለበጡ፣ ውስጣቸው ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኮረንቲ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ እኩል ኃይል ለመሸከም ይበልጥ ሊወፍር ይገባዋል፤ በመፍተልና በመንዘር ብዛትም ቶሎ ይሰበራል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከገመዱ አንዲት ክር ወጥታ በምላጭ ስትፋቅ ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለችም። የሻጩ ቃል ከምላጩ አይበልጥም።

በዚህ ሁሉ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆመው ግን ፊውዙ ነው። ፊውዝ ማለት ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ ገመዱ ከመጋሉ በፊት ቀልጦ እንዲቋረጥ ሆን ተብሎ የተዳከመ ብረት ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ ሞተሪኖውን ወይም ራዲዮውን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ ትልቁ የባትሪ ፊውዝ የሚጠብቀው ግን ገመዱን ነው፤ ስለዚህ ቦታው ኃይሉ ከሚነሣበት፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ አጠገብ ነው። ፊውዙ ከፊት፣ ከሞተሪኖው ጎን ቢደረግ ከኋላ እስከ ፊት ያለው 4 ሜትር ገመድ ጥበቃ የለውም፤ የሚላጠውም፣ የሚረገጠውም፣ በግጭት የሚቆረጠውም ያ 4 ሜትር ነው። በአሜሪካ ለጀልባዎች የኤሌክትሪክ ሥራ የወጣው የታወቀ ደንብ በመሠረቱ ፊውዙ ከኃይሉ ምንጭ 7 ኢንች፣ ማለትም 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዳይርቅ ያዛል። ጀልባ ላይ እሳት ሲነሣ መሸሻ ስለሌለ ደንቡ ጠበቅ ማለቱ አይገርምም፤ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ የሚነዱ ሰዎችም ቢያውቁት አይጎዱም። በመኪና ውስጥ ልጆች ከኋላ ታስረው የሚቀመጡበት ጊዜ ስላለ፣ ለመኪናም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃም።

በጋራዥ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው ራሱ በሞተሪኖ ገመድ ላይ ፊውዝ አላደረገም የሚል ነው። አባባሉ ለብዙ መኪኖች እውነት ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ለተቃራኒው ወገን ነው። ፋብሪካው ፊውዙን የተወው ገመዱ አጭር፣ በወፍራም ሽፋን የተጠቀለለ፣ ከስለታም ላሜራ የራቀና ከተሳፋሪው ክፍል ውጭ ስለሆነ ነው፤ ገመዱ ሲረዝምና በመቀመጫ ሥር ሲያልፍ ፋብሪካውን ነፃ ያወጡት ምክንያቶች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። ሌላው ፍርሃት፣ ፊውዙ ሞተሩ ሲነሣ ይቃጠላል የሚለው፣ በትክክለኛ ምርጫ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በብሎን የሚታሰር፣ ለጥቂት ሴኮንድ ከልኩ በላይ የሚያልፍን ፍሰት የሚታገሥ ቀስ ብሎ የሚቀልጥ ፊውዝ ነው፤ ለትንሽ የቤንዚን ሞተርና ለ35 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ በ200 አምፔር አካባቢ ያለ ፊውዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሞተሪኖው ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ገመዱም ፊውዙም አብረው ያድጋሉ፤ ገመዱን ትቶ ፊውዙን ብቻ ማሳደግ ግን ጠባቂን አሰናብቶ በር ክፍት እንደ መተው ነው። ጠለቅ ያለ ጥንቃቄ የሚፈልግ ባለሙያ ደግሞ ወፍራሙን ገመድ ከባትሪው ጎን በተተከለ ትልቅ ሪሌ በኩል ያሳልፈዋል፤ እንዲህ ሲሆን ገመዱ ኃይል የሚኖረው ቁልፉ በሚዞርባት ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ዲናሞው ባትሪውን የሚሞላበት ቀጠን ያለ ገመድም ለብቻው በራሱ ፊውዝ ይሄዳል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሥራው ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ገመዱ የሚሄድበት መንገድ ከፊውዙ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በመኪናው ሆድ ሥር ከማርሚታው ወይም ከፍሬን ቱቦዎች ጋር አብሮ ከማስኬድ ይልቅ በውስጥ በኩል፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ ምንጣፍ ሥር፣ የነዳጅ ቱቦ ከሚያልፍበት ወገን በተቃራኒው ቢሄድ ይመረጣል። ላሜራ በሚያቋርጥበት እያንዳንዱ ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይገባለታል፤ ላዩን ተጨማሪ ሽፋን ይለብሳል፤ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ በማሰሪያ ይያዛል። ናስትሮ የጎማ ቀለበትን አይተካም፤ በሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጣል፤ ከዚያም የላሜራው ጠርዝ ቀስ እያለ ሽፋኑን ይበላል። በኮብልስቶን መንገድ ላይ በየቀኑ የሚንቀጠቀጥ መኪና ይህን መላጥ ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው ኮንታክቱ ሥራው በተጠናቀቀ ማግሥት ሳይሆን፣ ሠሪውም አሠሪውም ነገሩን ከረሱት ከወራት በኋላ የሚደርሰው።

ኮረንቲ ሲሄድ የሚታሰብለትን ያህል ሲመለስ አይታሰብለትም። የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ከመኪናው አካል ብረት ጋር ይታሰራል፤ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው ይህ ነው፤ ጣሊያንኛው ቃል ከሞተሪኖና ከዲናሞ ጋር አብሮ ገብቶ እንደ አገር ልጅ ኖሯል። የማሳው ገመድ ውፍረቱ ከፖዘቲቩ እኩል፣ ርዝመቱ በተቻለ መጠን አጭር ሆኖ፣ ቀለሙ እስኪጸዳ ተፍቆ ብረቱ በወጣ ጠንካራ የአካል ክፍል ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ከዚያም ዝገት እንዳይበላው ቅባት ይቀባል። የሚረሳው ከፊት ያለው ነው፤ ሞተሩ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው የራሱ ወፍራም ማሳ ከሌለው፣ የሞተሪኖው ፍሰት መመለሻ ሲፈልግ በነዳጅ መርገጫው ወይም በካምቢዮው የብረት ኬብል በኩል ያልፋል፤ ኬብሉ ይግላል፤ ሽፋኑ ቀልጦ ይጣበቃል። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የባትሪው የራሱ ማሳ ስለነበር፣ ባትሪው ሲነሣ ይህም አብሮ መነሣቱን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ጋዙ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ገመድ ቢያንስ በዓይን ይታያል። ባትሪ ሞልቶ ሳለ መሞላቱ ሲቀጥል በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፋፈላል። ደኅና ዲናሞ ቮልቱን በ14 እና በ14.4 መካከል ስለሚገታው የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ነው፤ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ግን ባትሪው መፍላት ይጀምራል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ድርሻው 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ የሚቃጠል ጋዝ ነው። በሂሳብ ሲታይ፣ ከልክ በላይ የገባ እያንዳንዱ አምፔር ሰዓት፣ ማለትም አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ፣ በስድስቱ ሴሎች ውስጥ በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ሲለካ 2.5 ሊትር ሃይድሮጅን ያወጣል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ያነሰ፣ አየሩም የሞቀ በመሆኑ፣ ያው ጋዝ ተስፋፍቶ ከ3 ሊትር ይበልጣል። እንግዲህ 300 ሊትር የሚይዝ፣ በደንብ የተዘጋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ 12 ሊትር ሃይድሮጅን አደገኛው ወሰን ነው፤ 10 አምፔር ያለ አግባብ እየገባ ከሆነ ወሰኑ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደረሳል። ከሐዋሳ የተነሣ መኪና ከሻሸመኔ ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። እርግጥ ዕቃ መጫኛ ጠርሙስ አይደለም፤ አየር በየስንጥቁ ያስገባል ያስወጣል፤ ይሁን እንጂ ክዳኑ ሲከፈት የሚበራው መብራት ወይም የሚሠራው የቁልፍ ሞተር ብልጭታ ለመፍጠር በቂ ስለሆነ፣ በስንጥቅ መተማመን አይቻልም። ከኋላ የተበላሸ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ መሽተት ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ ለመሆኑ ምልክት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ባትሪው ኤጂኤም ከሚባለው ዓይነት ቢሆን፣ አሲዱ በመስታወት ክር ንጣፍ ውስጥ የተመጠጠ ስለሆነ ቢገለበጥም አይፈስም፤ በውስጡ የሚፈጠረውን ጋዝም አብዛኛውን መልሶ ውሃ ያደርገዋል። ዋጋው ከተራው ቢበልጥም ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተራ ባትሪ ማስገባት በዚህ ዲስኩር ሚዛን የሚደገፍ አይደለም። ይሁንና ኤጂኤምም ሲፈላ በአየር መልቀቂያው የሚተነፍስ በመሆኑ፣ ከመኪናው ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ ቱቦው ሳይታጠፍ፣ ከማርሚታው ርቆ፣ ጭቃ የማይደፍነው ቦታ ላይ ይወጣል። ለቪትዝና መሰሎቹ፣ ዕቃ መጫኛቸው ከተሳፋሪው ክፍል በግድግዳ ያልተለየ በመሆኑ፣ ባትሪው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሣጥኑ ወደ ውጭ ካልተነፈሰ በስተቀር ሥራው ፈጽሞ ባይጀመር ይሻላል።

ባትሪው እንዴት እንደሚታሰር በፍጥነት የሚታለፍ ነገር መስሎ ይታያል፤ ሂሳቡ ግን ያስደነግጣል። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ በከባድ ግጭት ከራሱ ክብደት 20 እጥፍ በሆነ ኃይል ሊወረወር ይችላል፤ ያም 3 ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ማሰሪያውን እንደ መጎተት ነው። በዕቃ መጫኛው ወለል ላይ ያለው ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ በትንሽ ሮንዴላ ብቻ የታሰረ ብሎን ላሜራውን ቀዶ ይወጣል፤ ከወለሉ በታች ሰፊ የብረት ሳህን መደረብ፣ የተሻለው ደግሞ ከመኪናው ሻንሲ ጋር ማሰር ነው። ከትራፓኖው በፊት ግን ከወለሉ ሥር የነዳጅ ታንከር አለመኖሩን ተጎንብሶ ማየት ይገባል። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ እንደ መለኪያ የሚያገለግል የታወቀ ደንብ ስለማይጠቀስ፣ የአሜሪካው የሆት ሮድ እሽቅድድም ማኅበር ደንብ ይጠቅማል። ማኅበሩ ወደ ኋላ የተዛወረ ባትሪ ከ9.5 ሚሊ ሜትር ባላነሱ ቢያንስ ሁለት ብሎኖች ከመኪናው አጽም ጋር እንዲታሰር፣ ከተሳፋሪው ክፍል 0.6 ሚሊ ሜትር በሆነ ብረት ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር በሆነ አሉሚኒየም እንዲለይ፣ በሣጥን ከሆነም ሣጥኑ ወደ ውጭ እንዲተነፍስ፣ ሣጥኑ ራሱ ግን እንደ ማሰሪያ እንዳይቆጠር ያዛል። በተጨማሪም ከመኪናው ጀርባ፣ ከውጭ በኩል፣ ማንም መንገደኛ ሊነካው የሚችል የኃይል መቁረጫ ይጠይቃል። መቁረጫው ሞተሩንም ማጥፋት አለበት፤ ባትሪው ብቻ ቢለይ ዲናሞው ሞተሩን ማሠራቱን ይቀጥላል፤ ድንገት የሚዘለው ቮልትም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ትንሽ ነገር ግን የምታስቸግር አንዲት ነጥብ አለች። የኋላ ክዳኑ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት መኪና ባትሪው ከኋላ ሆኖ ቢሞት ባለቤቱ መድኃኒቱ ከተቆለፈበት ሣጥን ውጭ ይቆማል። ስለዚህ ከፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ክዳን ያላት የፖዘቲቭ መነካኪያ መተው ብልህነት ነው።

ዘመኑ በመቀየር ላይ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሐዋሳም እየታዩ ነው። ለእነዚህ የሚነገረው አጭር ነው፤ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በእነርሱም ውስጥ አለች፤ ዋናው ባትሪ ግን በአብዛኞቹ ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም። የነዳጅ መኪኖቹ ደግሞ ምትክ ስለማይመጣላቸው ዕድሜያቸው እየተገፋ፣ ሞተራቸው እየተቀየረ፣ ገመዳቸው እየተቀጠለ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ሌላ ሰው የሠራውን ቅየራ አብሮ ይገዛል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ቢወጣም፣ ቦሎ ለመለጠፍ ፍሬንና መብራት መታየታቸው ምንጣፍ ሥር የተኛን ገመድ አያሳይም።

በጥቅሉ ለከተማ መመላለሻ መኪና ባትሪው ፋብሪካው ባኖረው ቦታ ቢቀር ይሻላል የሚለው የዚህ ዲስኩር ብያኔ ነው፤ የሚነሣውም ቦታ ሲጠፋ እንጂ ለጌጥ አይደለም። ባትሪው አስቀድሞ ከኋላ የተቀመጠበት መኪና ያለው ታዳሚ ግን ዛሬ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ከፖዘቲቭ ራስ የሚወጣውን ወፍራም ገመድ በዓይኑ ይከተል። በመጀመሪያዎቹ 20 ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ፊውዝ ካላገኘ የእጁን ሰዓትና ቀለበት አውልቆ አስቀድሞ የማሳውን ራስ ይፍታ፤ መኪናውም ፊውዝ እስኪገባለት ድረስ ባለበት ይቁም።